ድግግሞሽንና ልማድን በሚገልጹ ቃላት አጠቃቀም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተመላልሶ የሚሠራን ሥራ ለመግለጽ አማርኛ ቃል አያጣም፤ ስህተቱ የሚፈጠረው አንዱን ቃል በሌላው ቦታ ስናስገባ ነው። ከእነዚህ ቃላት አንዳንዶቹ ድርጊቱ ስንት ጊዜ እንደተፈጸመ ይቆጥራሉ፤ አንዳንዶቹ በምን ያህል ጊዜ ልዩነት እንደሚመለስ ይነግራሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ሠሪው ልቡን ከሥራው ላይ አኑሮ እንደሆነና እንዳልሆነ ይፈርዳሉ።

በመጀመሪያ «ደገመ» እና «ደጋገመ» እንደ አንድ ቃል መወሰድ የለባቸውም። «ደገመ» ለሁለተኛ ጊዜ መሥራት ነው፤ ክፍል የደገመ ተማሪ ያንኑ ክፍል ዳግመኛ ተማረ እንጂ ብዙ ጊዜ ወደቀ አይባልም። ጥያቄውን የደገመ ሰው ላልሰማው አሰምቶ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄውን የደጋገመ ሰው ግን መልሱ እንዳላረካው ያስታውቃል። «ዳዊት ደገመ» የሚለው አነጋገር ከዚህ ቁጥር ውጭ ነው፤ ከ150ዎቹ መዝሙራት አንዱን ገና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብም ቢሆን ደገመ ነው የሚባለው። በተጨማሪም እንደ «ደጋገመ» ያለው የግስ ቅርጽ ሁሉ «ዘወትር» የሚል ፍቺ እንደማይሰጥ ማስተዋል ይገባል። «ጠያየቀ» ከአንዱም ከሌላውም ዘንድ አጣራ ማለት ነው፤ «ነካካ» ሥራውን በቅጡ ሳይዝ እዚህም እዚያም ሞካከረ ማለት ነው። በየማለዳው የሚደረግን ነገር «በየማለዳው» ራሱ ስለሚናገር ግሱን ማባዛት አያስፈልገውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚምታቱት «በዘልማድ»፣ «በዘፈቀደ» እና «በደመነፍስ» ናቸው። ሦስቱም ማስተዋል የጎደለውን አሠራር ለመንቀፍ ስለሚያገለግሉ ተመሳሳይ ይምሰሉ እንጂ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተቃራኒዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዘልማድ የሚሠራ ሰው ሥርዓት አለው፤ ያልመረመረው ምክንያቱን ነው፤ ስለዚህም ነገ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መናገር ይቻላል። በዘፈቀደ የሚሠራ ሰው ግን ሥርዓቱ ራሱ የለውምና ነገ የሚያደርገው አይታወቅም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ፋይሎችን ለዓመታት በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ሲደረድር ኖሮ «ለምን?» ሲባል መልስ ቢያጣ፣ ሥራው በዘልማድ የሚሠራ ነው፤ ዛሬ በስም፣ ነገ በቀን፣ ከነገ ወዲያ እንደመጣለት ቢደረድር ደግሞ በዘፈቀደ ነው። «በደመነፍስ» ከሁለቱም ይለያል፤ ሳይማሩትና ሳይለማመዱት ከተፈጥሮ የሚመጣን እርምጃ፣ ለምሳሌ ወደ ዓይን የሚወረወርን ነገር ለመሸሽ መጨፈንን ይገልጻል። ለዓመታት የነዳ ሾፌር ማርሽ የሚቀይረው በደመነፍስ ነው ቢባል ልምምዱን መካድ ይሆናል።

ለሾፌሩ የሚስማማው «እጁ ለምዶት» የሚለው ነው። በትርጉም ሥራዎች ውስጥ የሚታየው «ሜካኒካል በሆነ መንገድ» የሚለው ሐረግ ባዕድ የሚመስለው አማርኛ ልማዱን ለሰውየው ሳይሆን ለአካል ክፍሉ ስለሚሰጥ ነው፤ እጁ ለምዶት ቆለፈው፣ እግሯ ለምዶ ወደ ቀድሞ ቢሮዋ ወሰዳት፣ የአፍ ልማድ ሆኖበት ተናገረው ይባላል። «እንደ ማሽን ይሠራል» የሚለውም ቢሆን ምትክ አይሆነውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነትንና አለመድከምን ማሞገሻ ነውና።

በቃል የተያዘን ነገር ሁሉ «ተሸመደደ» ማለት ሌላው ስህተት ነው። «መሸምደድ» ሳይረዱ ቃሉን ብቻ መያዝ ስለሆነ በውስጡ ነቀፋ አለው። ቅኔ በቃሉ የሚያወርድን ሰው «ሸምድዶ ነው» ማለት ስድብ ነው፤ «በቃሉ ያውቀዋል» ይበቃል።

የጊዜ ልዩነትን በተመለከተ «በየ» ጥንቃቄ ይጠይቃል። መድኃኒት «በቀን 3 ጊዜ» እና «በየ8 ሰዓቱ» መውሰድ ድምሩ አንድ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ልዩነቱን ስለማይወስን ሦስቱንም ከቁርስ እስከ እራት ባለው ጊዜ መጨረስን ይፈቅዳል፤ ሁለተኛው ከእንቅልፍ ያስነሳል። «በየሁለት ቀናት» ሳይሆን «በየሁለት ቀኑ» እንደሚባልም መዘንጋት የለበትም። «በየዓመቱ የሚከበረው ዓመታዊ በዓል» የሚለው የዜና ሐረግ ደግሞ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይናገራል፤ ከሁለቱ አንዱ ይበቃዋል።

«መደበኛ» ስለ ድግግሞሽ ሳይሆን ስለ ደንብ የሚናገር ቃል ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 58 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን ዓመታዊ የሥራ ጊዜ ከመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይወስናል፤ መደበኛ የሚባለው ስብሰባም አስቀድሞ በተወሰነ መርሐ ግብር የሚካሄደው ነው፤ ተቃራኒው «አስቸኳይ» ወይም «ልዩ» እንጂ «አልፎ አልፎ የሚደረግ» አይደለም። ስለዚህ «መደበኛ መዘግየት» ብሎ መጻፍ መዘግየቱን ደንብ እንደሚፈቅደው ያስመስላል፤ የታሰበው «የተለመደ መዘግየት» ነው።

«ከዕለት ወደ ዕለት» ለውጥን፣ «የዕለት ተዕለት» ለውጥ አለመኖሩን ይናገራሉ፤ ሕመም ከዕለት ወደ ዕለት ይብሳል፣ ሥራ የዕለት ተዕለት ይሆናል። «ሌት ተቀን» በአብዛኛው ምስጋና ሲሆን «ነጋ ጠባ» ምሬት ይበዛዋል፤ ሌት ተቀን የሠራ ይሸለማል፣ ነጋ ጠባ የጨቀጨቀ ይታማል።

በመጨረሻ «ለወጉ ያህል»፣ «ለይስሙላ» እና «በዘልማድ» በሪፖርት ላይ ሲሰፍሩ ክብደታቸው እኩል አይደለም። ለወጉ ያህል የተሠራ ሥራ ደንቡን ለማሟላት ብቻ የተሠራ ነው፤ በዘልማድ የተሠራውም ማስተዋል ቢጎድለው ተንኮል የለበትም። «ፍተሻው ለይስሙላ ተደርጓል» ብሎ የጻፈ መርማሪ ግን ፈታሾቹ ያልሠሩትን የሠሩ ለማስመሰል አስበዋል እያለ ነውና ማስረጃው ቸልተኝነትን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ቃሉን መለወጥ ይኖርበታል።