የድመት ሽንት ከፍራሽና ከጋቢ ላይ እንዲህ ለቀቀ

«በሩን ክፍት የተውከው አንተ ነህ!» «አልጋ ላይ ያስለመድሻት አንቺ ነሽ!» ባልና ሚስት እስኪስማሙ ሽንቱ ፍራሹ ውስጥ ይሰርጋል። ክርክሩ ይቆይ፤ መጀመሪያ በደረቅ ፎጣ ጫን ጫን እያደረጉ መምጠጥ ነው። ማሸት ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ከዚያ 1 ኩባያ አቼቶ በ2 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ እድፉንና ዙሪያውን ማራስ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መምጠጥ። ቤኪንግ ሶዳ ተነስንሶበት ይደርና ይራገፋል፤ ፍራሹም ፀሐይ ላይ በጎኑ ቆሞ እስከ ውስጡ ይድረቅ። ጋቢው በዚያው ብጥብጥ ተዘፍዝፎ ለብቻው ይታጠባል፤ ጥለቱ ቀለም እንዳይለቅ ግን ጫፉ ላይ አስቀድሞ መሞከር ይበጃል።

በረኪና በፍጹም! ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ሳሙና ብቻውን አይበቃም፤ የዩሪክ አሲድ ቅንጣቶች ስለሚቀሩ እርጥበት ባገኙ ቁጥር ሽታው ይመለሳል፣ ድመቷም ሽታውን ተከትላ እዚያው ትደግማለች። ኢንዛይም (የሽንቱን ቅሪት የሚሰባብር ንጥረ ነገር) ያለው ማጽጃ ከተገኘ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው።

ድመቷ የምትጸዳዳበት የአሸዋ ሳጥን በየቀኑ ይጽዳ፤ ለ1 ድመት 2 ሳጥን ይመከራል። ወንድ ድመት እያማጠ ሽንት ካልወጣው ግን ቧንቧው ተዘግቶ ሊሞት ይችላልና ወዲያውኑ የእንስሳት ሐኪም ይየው።