ታጥቦ የማይጠራ መታጠቢያ ቤት፦ ችግሩና መፍትሄው

ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው የመታጠቢያ ቤቱን መልክ መንገር አያስፈልግም። ሽንት ቤቱ፣ ሻወሩና የእጅ መታጠቢያው በአንዲት ጠባብ ክፍል ተጋፍተዋል። ጥግ ላይ በርሜል ቆሟል። አጠገቡ ሁለት ሦስት ጀሪካን አለ። እኛ ቤት በዚህች ክፍል 5 ሰው ይጠቀማል።

ለዓመታት የምናውቀው ዘዴ አንድ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በረኪናና ኦሞ ይደፋል፣ ላብ በላብ እስኪኮን ይፈተጋል። ማክሰኞ ሽታው ተመልሶ ይመጣል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ በረኪናው ይጨመራል። ቆይቶ ነው የገባኝ። ከችግሮቹ አብዛኞቹ የሚጀምሩት ሳይደርቅ ከሚያድር ውሃ ነው። በረኪና ያገኘውን ይገድላል። እርጥበቱ እስካለ ድረስ ግን በሦስተኛው ቀን ሌላ ይበቅላል። ስለዚህ ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት ምልክቱን እዩ።

«ዛሬ ታጥቦ ዛሬ ይሸታል»

ሽታ ሁሉ አንድ አይደለም።

አፍንጫ ጠቅ የሚያደርግ፣ ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ ሽንት ነው። የሚደበቀው እኛ በማንፈትግበት ቦታ ነው፦ መቀመጫው የታሰረበት ብሎን ሥር፣ ሽንት ቤቱ ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ዙሪያ፣ አጠገቡ ያለው ግድግዳ፣ የሴራሚኩ መጋጠሚያ። ቆሞ የሚሸና ሰው ባለበት ቤት ፍንጣሪው ከምታስቡት በላይ ይርቃል። እዚያ ላይ በረኪና መድፋት ስህተት ነው። በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚያስል ጋዝ ያወጣል፤ የደረቀውንም ቅርፊት አያነሳውም። መጀመሪያ በላርጎና በውሃ እጠቡት። ቅርፊት ከያዘ አቼቶ አፍስሱበትና ግማሽ ሰዓት ተዉት። ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጋችሁ በብዙ ውሃ አለቅልቁት። መቀመጫው የሚፈታ ከሆነ በወር አንዴ ፍቱት፤ ከሥሩ የምታገኙት ያስደነግጣል። እኛ ቤት ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ትንሹ ልጃችን ተቀምጦ እንዲሸና ማስለመዳችን ነው።

የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ከፍሳሽ መስመሩ ነው። ከወለሉ ቀዳዳና ከእጅ መታጠቢያው ሥር ሲፎን የሚባል የታጠፈ ቧንቧ አለ። የፍሳሹን ሽታ የሚያግደው እጥፋቱ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ነው። ውሃ ጠፍቶ ሲሰነብት፣ ወይም ልጆቹ በሳፋ እየታጠቡ ሻወሩ ሥራ ሲፈታ፣ ያ ውሃ ይተናል። መንገዱ ይከፈታል፤ ሽታውም በረሮውም በዚያው ይወጣል። መፍትሄው አንድ ጆግ ውሃ መድፋት ነው። ለበዓል አገር ቤት ሄዳችሁ ልትሰነብቱ ከሆነ፣ ውሃውን ከደፋችሁ በኋላ ሁለት ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምሩበት። ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፍና ውሃው ቶሎ እንዳይተን ያደርጋል። ውሃ ደፍታችሁም በሰዓታት ውስጥ መልሶ ከሸተተ፣ ወይ ሲፎኑ ተሰንጥቋል ወይ ከነጭራሹ አልተገጠመም። ያኔ ቧንቧ ሠራተኛ ጥሩ። እስኪመጣ ድረስ ፌስታል ውስጥ ውሃ ቋጥራችሁ ቀዳዳው ላይ አስቀምጡ።

ሦስተኛው የታፈነ ጨርቅ ሽታ ነው። ክፍሉን ሙሉ ፈትጋችሁ ካልጠፋ ፎጣዎቹን አሽትቱ። አምስት ፎጣ አንድ ሚስማር ላይ ተደራርቦ አይደርቅም። ወደ በረንዳ አውጡት። መወልወያውንም ባልዲ ውስጥ ነክራችሁ አታሳድሩት፤ አጥባችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ ጨርቁን ወደ ላይ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አቁሙት።

«ውሃው አልወርድ አለ»

ፀጉርና የሳሙና ዝቃጭ ነው፣ ሌላ ነገር አትፈልጉ። የወለሉን ክዳን አንሱና ጫፉ በታጠፈ ሽቦ ጎትታችሁ አውጡት። የእጅ መታጠቢያው ከሆነ ከሥሩ ባልዲ አድርጋችሁ ሲፎኑን በእጅ ፍቱት። ትንንሽ ዝንቦች ከቀዳዳው የሚወጡ ከሆነም የሚራቡት በዚሁ ዝቃጭ ላይ ነው። የዝንብ መድኃኒት ከመንፋት ዝቃጩን በብሩሽ ማውጣት ይበልጣል።

«ጣሪያውና ጥጉ ጠቆረ»

ሻጋታ ነው። ክረምት ላይ ይብሳል። መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ በሙቅ ውሃ ታጥበን በሩን ዘግተን እንወጣለን፣ እንፋሎቱ ግድግዳ ላይ ይቀራል፣ ሻጋታውም ያንን ይጠጣል። በደረቁ አትፈትጉት፤ ብናኙ ይበተንና ወደ ሳንባ ይገባል። በሳሙና ውሃ አርጥባችሁ እጠቡት፣ አለቅልቁት፣ ከዚያ በቀጠነ በረኪና (አቀጣጠኑን ከታች ታገኛላችሁ) አብሱት። ሲሊኮን ላይ የያዘ ከሆነ ሶፍት በቀጠነው በረኪና ነክራችሁ ለጥፉበትና ለጥቂት ሰዓት ተዉት። ጥቁሩ ሲሊኮኑ ውስጥ ከገባ ግን ማጽዳት ከንቱ ድካም ነው። ይቆረጥና አዲስ ይደረግ። ሻጋታውን ሳያጥቡ ቀለም መቀባትም እንደዚሁ ነው።

እንዳይመለስ የሚያደርገው የመጨረሻው ታጣቢ ነው። ጎማ ባለው የውሃ መግፊያ ግድግዳውንና ወለሉን ወደ ቀዳዳው ይገፋል፣ በሩን ክፍት ትቶ ይወጣል። አንድ ደቂቃ ይፈጃል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ።

«ሻወሩ ደፈነ፣ ቧንቧው ነጭ ቅርፊት ያዘ»

ከውሃው የሚቀር ማዕድን፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው። አዲስ አበባ ላይ ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ ግድቦች የሚያጠራቅሙት የገጸ ምድር ውሃ ነው። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚሳበው ግን ዓለት ውስጥ ሲመላለስ ስለቆየ ማዕድን ይበዛዋል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ካለ፣ የሻወሩም ችግር ያው ነው። አቼቶ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ የሻወሩን ራስ እንዲዘፈቅ አድርጋችሁ እሰሩበት። ሲነጋ ፈትታችሁ በብሩሽ ጥረጉትና ውሃ ልቀቁበት። ሻወሩ ራሱ ውሃ የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ሻወር ከሆነ፣ ከመንካታችሁ በፊት ቆጣሪው ላይ አጥፉ። ለቧንቧው ሎሚ ቆርጦ ማሸት ይበቃል። እብነ በረድና ቴራዞ ላይ ግን አቼቶም ሎሚም አታድርጉ፤ አሲድ ድንጋዩን ይበላዋል፣ ያንጸባርቅ የነበረው ይፈዛል።

«ስናጸዳ ጉሮሯችን ተቃጠለ»

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሽንት ቤቱ ውስጥ የያዘ ቡናማ ነገር አልለቅ አለኝ። ከሱቅ በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን አሲድ ደፋሁበት። አልበቃ ሲለኝ በረኪና ጨመርኩ። በሩ ተዘግቷል። በሰከንዶች ውስጥ ደረቴ ተያዘ፣ ዓይኔ አላይ አለ። ደግነቱ በሩ ቅርብ ነበር። ሁለት ቀን ሳልኩ። ልጄ አጠገቤ ቢሆን ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

በረኪና ከማንኛውም አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ላይ የተለቀቀው ይኸው ጋዝ ነው። አሲድ ስል ያ የሱቁ ብቻ አይደለም፤ አቼቶም ሎሚም አሲድ ናቸው። አንዱን በአንድ ቀን ከተጠቀማችሁ ሌላውን በሌላ ቀን። አረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ ክሎሮክስ የምትሉት ያው በረኪና ነው። «ቀላቅለሽ ድፊ» ብትባሉም አትቀላቅሉ።

ከተቀላቀለባችሁ ውሃ ልድፋበት ብላችሁ አትቆዩ። ውጡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ንጹህ አየር ያዙ። መተንፈስ ካስቸገረ ሐኪም ቤት ሂዱ። በረኪናንም አሲድንም በለስላሳ ወይም በሃይላንድ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ የጠማው ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

በረኪና በትክክል ሲሠራ ይህን ይመስላል። 5 በመቶ የሆነውን 1 ብርጭቆ በ9 ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ አቅጥኑ። ቦታውን አስቀድማችሁ በሳሙና እጠቡና አለቅልቁ፤ ቆሻሻ ላይ የተደፋ በረኪና ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ እጠቡት። የተቀጠነውን ለነገ አታቆዩት፤ ጠርሙሱንም ከፀሐይ አርቁ።

«የጀሪካኑ ውስጥ አረንጓዴ ሆነ፣ ሳሙና ማስቀመጫው ሮዝ ዝልግልግ ያዘ»

አረንጓዴው ብርሃን የሚወድ አልጌ ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ጀሪካን በረንዳ ላይ ካኖራችሁ ይበቅላል። ትንሽ ውሃና አንድ እፍኝ ንጹህ ጠጠር ጨምራችሁ በኃይል ናጡት፤ እጅ የማይገባበትን ይፍቀዋል። አለቅልቃችሁ በቀጠነ በረኪና 10 ደቂቃ አቆዩት፣ እንደገና አለቅልቁና ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ሮዙ ደግሞ ባክቴሪያ ነው። የሳሙናና የሰውነት ቅባት ባለበት እርጥብ ቦታ ይራባል። ይፈተግ፣ ቀጭን በረኪና ይነካው፣ ይድረቅ። ሳሙና ማስቀመጫው ቀዳዳ ያለው ይሁን።

በርሜሉ ውስጥ የሚወዛወዙ ትንንሽ ትሎች ካያችሁ የትንኝ እጮች ናቸው። ይህ ከንጽሕና በላይ የጤና ጉዳይ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነው። ከተማ ውስጥ፣ ሰው ባጠራቀመው ውሃ ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝም ከእሷ ጋር ተያይዟል። ሞቃት አካባቢ ትንኝ ከእንቁላል እስከ መብረር አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃታል። ስለዚህ በርሜሉ ሁልጊዜ ይከደን፤ በሳምንት አንዴ ደግሞ ባዶ ሆኖ የውስጥ ግድግዳው ይፈተግ። ዴንጊ የሚባለውን ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ እንቁላሏን እርጥቡ ግድግዳ ላይ ስለምትለጥፍ ውሃ መቀየር ብቻ አይበቃም።

«ሽንት ቤቱ ውስጥ ቡናማ መስመር ወረደ»

እኔን በአሲድና በበረኪና ያጋጨኝ ይህ ነው። ምክንያቱ የሚያፈስ የሽንት ቤቱ የውሃ ታንከር ነበር። ከሥሩ ያለው ጎማ ሲያረጅ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ በቀጭኑ ይወርዳል፣ የዛገ ቧንቧ ብረትም መስመር ይሠራል። ለማረጋገጥ የቀይ ሥር ጭማቂ ታንከሩ ውስጥ ጨምሩና ውሃ ሳትለቁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ከታች ቀይ ካያችሁ ጎማው ይቀየር። እድፉን በአቼቶ የተነከረ ሶፍት ለጥፋችሁ አሳድሩትና በማግስቱ ፈትጉት።

«አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያጸዳው»

ብዙ ቤት ያ ሰው እናት ናት ወይም ሠራተኛዋ። ልማድ የሚጠፋውም በዚህ ነው። እሷ የታመመች ቀን ሁሉም ይቆማል።

እኛ ጽዳቱን ከቀን መቁጠሪያ አላቅቀን ከውሃ ፈረቃው ጋር አሰርነው። ውሃ የሚመጣበት ቀን የትልቁ ጽዳት ቀን ነው። ከላይ ወደ ታች፣ ሽንት ቤቱ መጨረሻ። የሽንት ቤቱ ጨርቅና ጓንት ቀለማቸው የተለየ ነው፤ ሌላ ቦታ አይነኩም። የ12 ዓመቷ ልጄ መስታወቱንና የእጅ መታጠቢያውን ትይዛለች፣ ትንሹ ሳሙና ማስቀመጫውን፣ ባለቤቴ በርሜሉን፣ እኔ ሽንት ቤቱን። በሌላው ቀን ያለው ሥራ የመጨረሻው ታጣቢ ውሃ መግፋትና ጠዋት ሽንት ቤቱን አንዴ በብሩሽ ማዞር ነው። 5 ደቂቃ አይሞላም።

ፈረቃው ሳይመጣ ከቀረስ? 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። 3 ሊትሩን ከላርጎ ጋር ለመስታወት፣ ለእጅ መታጠቢያና ለግድግዳ፣ 7 ሊትሩን ለማለቅለቅ፤ የቀረው 10 ለልጆቹ ገላ ይቆያል። ወለሉን በልብስ እጣቢ እናጥበዋለን። ከእጣቢው የሚተርፈው ሳያድር ሽንት ቤት ይደፋል፤ ካደረ እሱ ራሱ መሽተት ይጀምራል።