የሐኪሞችን የሥራ እርካታና ስለ መንግሥት ጤና ማሻሻያ ያላቸውን አመለካከት እንዴት እናጥና?

አንድ ሐኪም ሙያውን ከልቡ እየወደደ የጤና ማሻሻያውን ሊቃወም፣ ወይም በሥራው ተማሮ ያንኑ ማሻሻያ በጉጉት ሊጠብቅ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ መጠይቅ የሚያጠና ሰው በተለያዩ ክፍሎች ሊለያቸው፣ የእርካታውንም ክፍል ሊያስቀድም ይገባል። ማሻሻያው ቀድሞ ከተነሣ መላሹ በፖሊሲው ላይ ያለው ቅሬታ ወይም ተስፋ ስለ ዕለት ተዕለት ሥራው በሚሰጠው መልስ ላይ ይጋባል።

እርካታን ለመለካት አዲስ መጠይቅ መፍጠር አያስፈልግም። ተመራማሪዎቹ ዋር፣ ኩክና ዎል እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጡት የሥራ እርካታ መለኪያ ባለ 10 ጥያቄ አጭር ቅጽ አለው፤ ስለ ሥራ ቦታ ሁኔታ፣ የአሠራር ነጻነት፣ የሥራ ባልደረቦች፣ ዕውቅና፣ ኃላፊነት፣ ደመወዝና የሥራ ሰዓት የመሳሰሉትን ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ እርካታ ባሉ 7 ደረጃዎች ይጠይቃል። ቅጹ ሲተረጎም ሌላ ሰው ወደ መነሻው ቋንቋ መልሶ ይተርጉመውና ይነጻጸር። የሥራ መሰላቸትና መዛል ግን ከእርካታ ማነስ የተለየ ጉዳይ ስለሆነ የራሱ መለኪያ ያስፈልገዋል።

ብዙ ጥናቶች የሚሰናከሉት በአመለካከቱ ክፍል ነው። «ማሻሻያውን ይደግፋሉ?» የሚል ነጠላ ጥያቄ ምን እንደተደገፈ አይነግረንም። የብሪታኒያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1948 መጀመሪያ በማኅበራቸው በኩል በሰጡት ድምፅ መንግሥት ሊጀምረው የነበረውን ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በከፍተኛ ብልጫ ተቃውመው ነበር። ከተቃውሞው በስተጀርባ የነበረው ዋና ሥጋት የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆኖ የሙያ ነጻነትን ማጣት ነበር፤ በዚህ ላይ ማረጋገጫ ሲሰጣቸው ተቃውሞው ረገበ፣ አገልግሎቱም በዚያው ዓመት ጁላይ 5 ቀን ሲጀመር አብዛኞቹ ገቡበት። ስለዚህ ማሻሻያውን በየክፍሉ ዘርዝራችሁ ጠይቁ፦ ስለ ክፍያው ሥርዓት፣ ስለ ሪፈራል ቅደም ተከተል፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ በግል ስለ መሥራት፣ ሆስፒታሉን ስለሚያስተዳድረው አካል። መላሹ የማሻሻያውን ይዘት ምን ያህል እንደሚያውቅም ጠይቁ፤ ሰነዱን አንብቦ የተቃወመና በወሬ ብቻ የሰማ ሐኪም በአንድ ቁጥር ሊጠቃለሉ አይገባም። «አላውቅም» የሚል ምርጫም አይቅር።

ምስጢር መጠበቅን እንደ ፎርማሊቲ መቁጠር ከባድ በደል ነው። ስም ባይጻፍም የሕክምና ዘርፍ፣ ጾታና የአገልግሎት ዘመን አንድ ላይ ሲቀመጡ በትንሽ ሆስፒታል ውስጥ ያለችውን ብቸኛ የማደንዘዣ ሐኪም ለይተው ያሳያሉ። ዕድሜንና የአገልግሎት ዘመንን በሰፋፊ ክልሎች ጠይቁ፣ ጥቂት ሰው ብቻ ያለበትን ቡድን ውጤት ለብቻው አታውጡ፣ መጠይቁንም በአለቆች እጅ አታስበትኑ። የቅርብ አለቃው የሚሰበስበው ወረቀት ላይ ሐኪሙ የሚጽፈው ለአለቃው የሚስማማውን ነው።

መጠይቁን ያልመለሱትንም አትርሱ። ከሁሉ የበለጠ ሥራ የተጫነባቸው፣ ሌሊቱን በተረኝነት የሚያድሩት ሐኪሞች ለመሙላት ጊዜ ያጡት እነርሱ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ የመላሾችን ስብጥር በዕድሜ፣ በጾታና በዘርፍ ከጠቅላላው የሐኪሞች መዝገብ ጋር አነጻጽሩ፤ ልዩነት ካለ በሪፖርቱ በግልጽ ይጻፍ። በአንድ ጊዜ በተሰበሰበ መረጃ እርካታና ድጋፍ አብረው ከፍ ቢሉ እንኳ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ መናገር አይቻልም፤ ይህን ለማወቅ ያንኑ መጠይቅ ማሻሻያው ከመጀመሩ በፊትና ተግባራዊ ከሆነ በኋላ መድገም ያስፈልጋል።