የወፍ ፎቶና የሌንስ መከላከያ ፊልተር፦ መቼ ይግባ፣ መቼ ይውለቅ

አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ የተነሳ የወፍ ፎቶ ደብዝዞ ሲገኝ መጀመሪያ የሚወቀሰው ሌንሱ ነው፤ ቀጥሎ ኦቶ ፎከሱ (ካሜራው በራሱ ምስሉን የሚያጠራበት ሥርዓት)። ሌንሱ ፊት ላይ የተጠመጠመችውን መስታወት፣ መከላከያ ፊልተሯን፣ ግን የሚጠረጥራት የለም።

ያው ፊልተር በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ምንም ሳያጠፋ ሩቁን አቅርቦ በሚያነሳው በ600 ላይ ጉዱ ይወጣል። በ50 ሚሊሜትር፣ በኤፍ 8 (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ ይሰፋል) ሲነሳ እያንዳንዷ የምስሉ ነጥብ የምትጠቀመው 6 ሚሊሜትር ገደማ የምትሆን የፊልተር ቁራጭ ብቻ ነው። በ600 ሚሊሜትር፣ በኤፍ 6.3 ግን 95 ሚሊሜትር ስፋት ያለው መስታወት ይሠራል። እዚያ ሁሉ ላይ ጥቂት ወጣ ገባ ካለ ብርሃኑ አንድ ቦታ አይገናኝም፤ ረጅሙ ሌንስ ደግሞ ስህተቱን ከወፏ ጋር አብሮ ያጎላዋል። በአንኮበር ገደሎች የምትኖረው፣ ለሳይንስ በ1979 እ.ኤ.አ. የተገለጸችው ትንሿ ወፍ፣ የአንኮበር ሴሪን፣ ላባዋ በቀጫጭን ቡናማ መስመሮች የተሞላ ነው። ፊልተሩ መጥፎ ከሆነ ቀድመው የሚጠፉት እነዚያ መስመሮች ናቸው። ከኋላዋ ያለው ሣርም ለስልሶ መደብዘዙ ቀርቶ ድርብ ድርብ መስመር ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር ነጸብራቅ ነው። ኮቲንግ (ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ቅብ) የሌለው መስታወት በአንድ ገጹ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል፤ ሁለት ገጽ አለውና ወደ 8 በመቶ ይደርሳል። ጥሩ ባለብዙ ሽፋን ኮቲንግ በየገጹ ከግማሽ በመቶ በታች ያወርደዋል። ልዩነቱ የሚታየው ጥንብ አንሳ ወይም ቁራ በደማቅ ሰማይ ላይ ሲያንዣብብ ነው፦ ጥቁሩ ላባ ግራጫ ይመስላል።

ደጋ ላይ ዩቪ ፊልተር (ለዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያስቀር) ግድ ነው የሚለው ምክር የፊልም ዘመን ቅሪት ነው። የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባዩ ክፍል) ከፊቱ የራሱ ማጣሪያ አለው። በጀማ ሸለቆ ላይ የሚታየውን የአቧራና የሙቀት ጭጋግም ዩቪ አይገፍፈውም።

ፊልተር ስትገዙ እዚያው ሱቁ ውስጥ አምፖል ሥር ያዙት። ነጸብራቁ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ከሆነ ኮቲንግ አለው፤ ደማቅ ነጭ ከሆነ የለውም። ከዚያ አጋድማችሁ የመስኮቱን ፍሬም ነጸብራቅ እያያችሁ ቀስ ብላችሁ አዘንብሉት። ቀጥ ያለው መስመር ከተወላገደ መስታወቱ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ለባለሱቁ መልሱለት።

እጃችሁ ላይ ያለውን ለመፈተን ባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ጋዜጣ ለጥፉና 20 ሜትር ራቁ። ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን፤ መሬቱ ከሞቀ አየሩ ራሱ ምስሉን ያርገበግበውና ፊልተሩ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይቀመጥ፣ የእጅ ንቅናቄ ማረጋጊያው ይጥፋ፣ የ2 ሰከንድ ታይመር ይብራ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) ከ400 አይብለጥ። አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ ጠበብ ካደረጋችሁት ጉድለቱ ይሸፈናል። ፊልተር ተገጥሞ አምስት፣ ወልቆ አምስት ፎቶ አንሱ፤ በእያንዳንዱ መሐል ፎከሱን አዛብታችሁ እንደገና አስይዙት። በ100 ፐርሰንት አጉልታችሁ አወዳድሩ። ፊልተር ያለባቸው ሁሉም እኩል ከደበዘዙ ጥፋቱ የመስታወቱ ነው። አንዱ ጥርት፣ ሌላው ድብዝዝ ካለ ደግሞ ኦቶ ፎከሱን እያሳሳተው ነው፤ ይሄኛው ይበልጥ ያናድዳል፣ ምክንያቱም ሜዳ ላይ ሰው ራሱን ይጠራጠራል።

ፈተናውን ያለፈ ፊልተር እንኳ ሁልጊዜ አይግባ። በውቂያ ጊዜ እብቁ ሲበን፣ ጥርጊያ መንገድ ላይ መኪና አቧራ ሲያስነሳ፣ ካፊያ ሲመጣ ግጠሙት። አየሩ ንጹሕ ከሆነ፣ በተለይ ፀሐይ ከፊት ስትሆን፣ አውልቁት። ከግጭት የሚያድነው ሁዱ (ሌንሱ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ጥላ) ነው፤ ቀጭን ፊልተር ሲሰበር ስብርባሪው የፊት መስታወቱን ሊቧጥጠው ይችላል። ትልልቆቹ 400 ኤፍ 2.8 እና 600 ኤፍ 4 ሌንሶች አብዛኞቹ ከፊት ፊልተር የሚጠመጠምበት ጥርስ እንኳ የላቸውም። ፖላራይዘር (ከውሃና ከቅጠል ላይ ብልጭታን የሚቀንስ ፊልተር) የምትጠቀሙ ከሆነ መከላከያው ይውለቅ፤ ሁለቱን መደራረብ ነጸብራቁን ማባዛት ነው።

ጣርማ በር ላይ ከቆላ የሚወጣው ጉም ፊልተሩን ከውስጥም ሊያላብሰው ይችላል። ላቡን በጨርቅ አታሹት፤ ፊልተሩን አውልቃችሁ እሱም ሌንሱም ሲደርቁ መልሱ። ለአቧራ መጀመሪያ በእጅ ማናፈሻ አርግፉ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ፣ መጨረሻ ማይክሮፋይበር ጨርቁ ላይ አንድ ጠብታ የሌንስ ማጽጃ ጠብ አድርጋችሁ ከመሐል ወደ ዳር። በነጠላ ጫፍ መጥረግ አሸዋውን ኮቲንጉ ላይ መፍጨት ነው።

ስትገጥሙ እስኪቆም ብቻ አዙሩ፣ አታጥብቁ። ከጠነከረና አልወልቅ ካለ በሁለት ጣት ጨምቃችሁ አትታገሉት፤ ቀለበቱ ይጣመምና ጭራሽ ይነክሳል። የጎማ ጓንት አድርጋችሁ መዳፋችሁን ዙሪያውን እኩል አሳርፉና ወደ ግራ አዙሩት።