በእንግሊዝ አገር መኪና የምንነዳ ሐበሾች በታክስና በመንገድ ላይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቶሎ የሚያስቀጣው ስህተት «ታክሱ ገና ስድስት ወር ይቀረዋል» የሚለውን የሻጭ ቃል ማመን ነው። ከኦክቶበር 2014 ወዲህ ታክስ ከመኪናው ጋር ለገዢ አይተላለፍም። ሻጩ መሸጡን ለዲቪኤልኤ (መኪናና መንጃ ፈቃድ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት) ሲያሳውቅ ታክሱ ይሰረዛል፤ የቀሩት ሙሉ ወራት ገንዘብም ለእሱ ይመለሳል። ገዢው ቁልፍ ተቀብሎ የሚነዳው ታክስ የሌለው መኪና ነው። መስታወት ላይ ይለጠፍ የነበረው ወረቀትም ያኔ ስለቀረ እንደ አገር ቤቱ ቦሎ በዓይን አይቶ ማረጋገጥ አይቻልም። ታርጋ አንባቢው ካሜራ ግን ያውቃል።

ስለዚህ ሞተር ሳያስነሱ፣ ሻጩ አጠገብዎ ቆሞ እያለ ይጨርሱት። ኤም ኦ ቲው (ዓመታዊው የመኪና ምርመራ) ያልወደቀና ያላለፈበት መሆኑን ይዩ፤ አለዚያ ታክሱን መክፈል አይችሉም። ሻጩ ሽያጩን በኦንላይን ያስመዝግብ። ከሊብሬው ላይ አረንጓዴዋን የአዲስ ባለቤት ቁራጭ ቀዶ ይስጥዎት፤ እሷ ላይ ባለው 12 አሃዝ ቁጥር በስልክዎ ይክፈሉ።

ቀኑንም ያስሉ። ክፍያው የሚታሰበው ከወሩ 1ኛ ቀን ጀምሮ ነው። በ29 የገዛ ሰው ለሁለት ቀን የወር ይከፍላል፤ ለሻጩም የዚያ ወር አይመለስለትም። ታግሶ በ1 መረከብ ይሻላል።

ኤሌክትሪክ መኪና ታክስ የለውም ብሎ መቀመጥ ጊዜው አልፏል። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ እነሱም ይከፍላሉ፤ ከኤፕሪል 2017 በኋላ የተመዘገበ መኪና በዚያ ዓመት ተመን 195 ፓውንድ ነበር። በሕግ ዜሮ የሚከፈልበት መኪና እንኳ በየዓመቱ መመዝገብ አለበት። ማስታወሻው ደብዳቤ የሚመጣው ሊብሬው ላይ ባለው አድራሻ ነው፤ ቤት ቀይሮ አድራሻ ያልቀየረ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የ80 ፓውንድ ቅጣት ነው።

ታክሱን በየጊዜው ከባንክዎ የሚወስደውን ዳይሬክት ዴቢት ራስዎ አያቋርጡ፤ መኪናውን መሸጥዎን ለዲቪኤልኤ ሲያሳውቁ ራሱ ይቆማል።

ሶርን (መኪናው መንገድ ላይ አይወጣም ብሎ ለዲቪኤልኤ ማስመዝገብ) ያስገቡትን መኪና መንገድ ዳር ማቆም አይቻልም። ግቢ፣ ጋራዥ ወይም የግል ቦታ ከሌለዎት ሶርን አይጠቅምዎትም።

አሁን ወደ ዋናው። «እኔ ሮድ ታክስ እየከፈልኩ ሳይክለኛው በነፃ መንገዴን ይዘጋብኛል» የሚለው አባባል በሚኒካብ ሹፌሮቻችን ዘንድ እንደ ሕግ ሆኗል። ፈጽሞ ስህተት ነው፤ መሪ የያዘ ሰው ሲያምንበት ደግሞ ሕይወት ያጠፋል። የመኪና ታክስ ለመንገድ ተለይቶ ይቀመጥ የነበረው በ1920 በተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ዘመን ነው። ቸርችል የገንዘብ ሚኒስትር ሳለ ከፈንዱ ለሌላ ወጪ ወሰደ፤ በ1937 ታክሱና ፈንዱ ጭራሽ ተለያዩ። የሰፈርዎን መንገድ ጉድጓድ የሚደፍነው ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) ነው፣ ገንዘቡም ከካውንስል ታክስና ከጠቅላላው የመንግሥት ግብር ይመጣል። በሌሊት በብርድ ምግብ የሚያደርሰው ታናሽ ወንድማችንም በየዕቃው ላይ ቫት እየከፈለ የድርሻውን ያዋጣል።

ደግሞስ ከኤፕሪል 2017 በፊት ከተመዘገበው ቶዮታ ፕሪየስ ብዙው ጭሱ አነስተኛ ስለሆነ እስከ 2025 ድረስ ዜሮ ነበር የሚከፍለው። «አልከፈልክምና ከመንገድ ውረድ» ያለው ሹፌር አለ? ታክሱ የሚሰላው መኪናው እንደተመዘገበበት ዘመን በጭሱ፣ በሞተሩ መጠን ወይም በቋሚ ተመን ነው። ሳይክል ላይ ይህ ታክስ የለም።

ሃይዌይ ኮድ (የአገሩ የመንገድ ደንብ መጽሐፍ) ጃንዋሪ 29፣ 2022 ሲሻሻል የበለጠ ጉዳት ማድረስ የሚችለው የበለጠ ኃላፊነት እንዲሸከም ተደርጓል። ይህን ሳያነቡ ቀድሞ በተማሩት ብቻ የሚነዱ ብዙ ናቸው። ሳይክለኛ ጸጥ ባለ መንገድና መስቀለኛ ጋ ሲደርስ የመስመሩን መሃል እንዲይዝ ይመከራል። ከቆሙ መኪኖች የሚርቀውም በር ድንገት ተከፍቶ እንዳይጥለው ነው፤ እርስዎን ለማናደድ አይደለም። ጡሩንባ አይንፉበት። በ30 ማይልና ከዚያ በታች ሲያልፉት ቢያንስ 1.5 ሜትር ይተዉለት፣ ፍጥነትዎ ከጨመረ ከዚያም በላይ። ያ ስፋት ካልተገኘ ከኋላው ይቆዩ። ወደ ግራ ሲታጠፉ በጎንዎ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሳይክለኛ ካለ መጀመሪያ እሱ ይለፍ፤ የሚገቡበትን መንገድ ሊሻገር ጥግ ላይ የቆመ እግረኛ ካዩም ያሳልፉት።