ስለ ደጋ አጋዘን ቁጥር ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም። የ10 ሳንቲማችን ላይ ያለው እንስሳ እሱ ነው። ቁጥሩ ለምን እንደቀነሰ ሲነሳ ግማሹ ሰው «አዳኝ ጨረሰው» ይላል፤ ግማሹ ደግሞ «ደኑ ስላለቀ ነው» ይላል። ሁለቱን ነጣጥለን ማየታችን ነው ብዙውን ስህተት የሚያመጣው።

«ዲንሾ ላይ ሞልቷል» ብሎ መደምደም

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ነው። ግቢው የታጠረ ነው፤ ጥድና ኮሶ አለበት፤ ስካውቶች ይጠብቁታል። ሴቶቹ አጋዘኖች ግልገሎቻቸውን ይዘው ሰው አጠገብ ቅጠል ሲቀነጥሱ ታያላችሁ። ደስ ይላል። ግን እዚያ የተሰበሰቡት ጥበቃ ስላለ ነው። አንድ ቦታ ላይ መጠጋጋታቸው ሌላው ቦታ እንዳልተመቻቸው የሚናገር ሊሆንም ይችላል። ከዲንሾ ተነስቶ ለመላው ባሌና አርሲ ቁጥር ማውጣት አይቻልም።

ሰዓቱም ለውጥ ያመጣል። ጠዋትና አመሻሽ ላይ ወደ ሜዳ ይወጣሉ። ቀን ላይ፣ በተለይ ወንዶቹ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባሉ። እኩለ ቀን ላይ የቆጠረ ሰው «ወንድ የለም» ቢል አይገርምም።

አደንን በጥይት ብዛት ብቻ መለካት

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የፓርኩ ጥበቃ ላላ፤ ብዙ አጋዘንም ተገደለ። በሰሜኑ የፓርኩ ክፍል፣ ገይሳይ አካባቢ፣ ቁጥሩ ክፉኛ አሽቆለቆለ። ግን ጉዳቱ በሞተው ብቻ አያልቅም። የሚታደን አጋዘን ጠባዩ ይለወጣል፤ ሜዳውን ትቶ ጥሻ ውስጥ ይውላል። ጥሩ ሣርና ቅጠል ያለበት ቦታ እያለ ሳይጠቀምበት ይቀራል። ማለትም አደን መኖሪያውንም ያጠብበታል።

ሁሉንም አደን አንድ ላይ መጨፍለቅ

በፈቃድ የሚያድነው ሰው ከፍሎ፣ በኮታ፣ ቀንዱ ያደገ ወንድ ይመታል። ሴቷ ቀንድ የላትም። ሕገ ወጡ ግን በውሻና በወጥመድ ያገኘውን ይይዛል፤ እርጉዟንም ጭምር። ሴቷ በአንድ ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ ስለሆነ የእሷ መሞት በጣም ይጎዳል። ይህ ማለት ግን የፈቃዱ አደን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ኮታው በተጋነነ ቆጠራ ላይ ከቆመ፣ ትልልቆቹ ኮርማዎች ከተተኪዎቻቸው ፈጥነው ያልቃሉ።

«ዛፉ ከቆመ መኖሪያው አለ» ማለት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አጋዘኑ የሚኖረው ከዛፉ ሥር ባለው ነገር ነው። ጭቁኝ፣ አምጃ፣ ቁጥቋጦ፣ ለጋ ቅጠል። ከብት ዓመቱን ሙሉ የሚሰማራበት ደን ውስጥ ብትገቡ ጥዱ እንዳለ ቆሟል፤ ከሥሩ ግን መሬቱ ተላጭቶ፣ ወዲያ ማዶ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። ከሩቅ ደን ነው። ለአጋዘን ግን መደበቂያ የሌለው ሜዳ ነው።

አዲስ የተወለደ ግልገል ደግሞ ሸሽቶ አያመልጥም። ጥሻ ውስጥ ተኝቶ እናቱን ይጠብቃል። ጥሻው ከሌለ ከከብቱ ጋር የመጣ ውሻ ወዲያው ያገኘዋል። አንድ ጥይት ሳይተኮስ ቁጥሩ ይቀንሳል ማለት ነው። ጥይት ካለም ሽፋን ባጣ ቦታ ላይ አዳኙ አይቸገርም።

ባሕር ዛፍ ተክሎ መኖሪያ ተመለሰ ማለትም ያው ነው። መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል፤ ምግብ ግን አይሆንም።

ገበሬውን ብቻ መውቀስ

ገብስ ወደ ተራራው ሽቅብ እየወጣ ነው፤ እውነት ነው። ግን መኖሪያው የጠበበበት አጋዘን ማታ ወጥቶ ያንን ገብስ ይበላል፤ የዓመት ቀለቡን የሚያጣው ገበሬው ነው። ከአደን ፈቃድም ሆነ ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ ለዚህ ሰው ካልደረሰው፣ ወጥመድ ሲያይ ለምን ይጠቁማል? ድርሻው በጊዜ ይድረሰው። ገብሱ ከመታጨዱ በፊት ባሉት ሳምንታት ደግሞ ማታ ማታ ማሳ የሚጠብቅ ሰው ተቀጥሮ ይመደብለት።