የአረጋውያን መንከባከቢያን ስትገመግሙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እናትን ወይም አባትን ለሌላ ሰው እጅ አሳልፎ መስጠት ቀላል አይደለም። ውሳኔው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በጥድፊያ ነው። ሰው ወድቆ ሆስፒታል ይገባል፣ ከዚያ "አልጋው ይፈለጋል" ይባላል፣ ቤተሰብ ይሯሯጣል። በዚያ ሩጫ መሀል ሁሉም ዓይኑ ያረፈበትን አይቶ ይወስናል። ዓይን ደግሞ ቀድሞ የሚያርፈው ህንጻው ላይ ነው።

የእንክብካቤን ጥራት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን የአረጋዊውን ተረከዝ፣ ጥፍርና ክብደት ይይ ባይ ነኝ። ብዙ ቤተሰቦች የሚሳሳቱባቸውን ነገሮች እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው።

በመግቢያው ማማር መሸወድ

የእንግዳ መቀበያው የተሠራው ለእናንተ ነው። ሶፋው፣ አበባው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ሁሉም። እናታችሁ እዚያ ሶፋ ላይ ላይቀመጡ ይችላሉ። ቀናቸው የሚያልፈው ክፍላቸው ውስጥ፣ ኮሪደሩ ላይና መመገቢያው ውስጥ ነው።

አቬዲስ ዶናቤዲያን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ የሕክምና ጥራት በሦስት በኩል እንደሚመዘን አስረድቶ ነበር፦ ባለው አቅም (ህንጻ፣ መሣሪያ፣ ሠራተኛ)፣ በሚሠራው ሥራና በሚገኘው ውጤት። አብዛኛው ጎብኚ የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ክፍል ውስጥ ስትገቡ ትንንሽ ነገር እዩ። ጠረጴዛ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አለ። ጥሩ። ግን የተኛው ሰው እጅ ይደርስበታል? ካልደረሰ ያ ውሃ ለጎብኚ የተቀመጠ ነው። የመጥሪያ ደወሉስ የት ነው? ከአልጋው ጀርባ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ ማንም ሊጫነው አይችልም። የመስሚያ መሣሪያቸው ጆሯቸው ላይ ነው ወይስ መሳቢያ ውስጥ? መነጽራቸው ተጠርጓል? ጥፍራቸው ተቆርጧል? እነዚህን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ስለ ሽታም አንድ ነገር ልበል። ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር የማይችሉ ሰዎች ባሉበት አንድ ክፍል ውስጥ አንዳንዴ ቢሸት አይገርምም። ኮሪደሩ በሙሉ፣ በሄዳችሁ ቁጥር የሚሸት ከሆነ ግን የሰዎቹ ልብስና ዳይፐር በጊዜ እየተቀየረ አይደለም። ቤቱ ሁሉ በሽቶ የታፈነ ሲሆንም እኔ እጠረጥራለሁ።

አንዴ በቀጠሮ ሄዶ መጨረስ

ማክሰኞ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ኃላፊው አለ፣ ነርሷ አለች፣ ጽዳቱ ተጠናቋል። በዚያ ሰዓት መጥፎ የሚመስል ቤት ካገኛችሁ ጉዱ ከባድ ነው። ጥሩ መምሰሉ ግን ብዙም አይነግራችሁም።

እሁድ ማታ ሂዱ። ሳትደውሉ። አንድ ጊዜ ደግሞ በምግብ ሰዓት። የምግብ ሰዓት አንድን ቤት ከላይ እስከ ታች የሚያሳይ ሰዓት ነው። ራሳቸውን መመገብ የማይችሉትን የሚያጎርሰው ሰው አጠገባቸው ቁጭ ብሏል ወይስ ቆሞ ነው? የመጀመሪያውን ሳይውጡ ሁለተኛውን ማንኪያ ያስከትላል? መዋጥ ለሚቸግረው ሰው ይህ ጥድፊያ አደገኛ ነው። ትን ያለው ምግብ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። ያልተነካ ሳህን ሲነሳስ ማን ያያል? "አልበሉም እንዴ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ? ወይስ በቃ ተሰብስቦ ይወሰዳል?

"ስንት ሠራተኛ አላችሁ?" ብሎ መጠየቅ

ጥያቄው ልክ ይመስላል፣ መልሱ ግን አይጠቅማችሁም። የሚነገራችሁ ቁጥር ውስጥ ቢሮ የሚውሉትም፣ ወጥ ቤት የሚሠሩትም ሊኖሩ ይችላሉ። እንዲህ ጠይቁ፦ "እዚህ ፎቅ ላይ ዛሬ ሌሊት ስንት ተንከባካቢ ይገባል? ስንት ሰው ነው የሚይዙት? ነርስ ሌሊት እዚሁ ታድራለች ወይስ በስልክ ነው የምትጠራው?" ከዚያ በሌላ ቀን ሄዳችሁ ራሳችሁ ቁጠሩ።

በተለይ መቆም የማይችሉ ወላጅ ካሏችሁ ስለ ማንሻ ማሽኑ ጠይቁ። በማሽን አንድን ሰው ከአልጋ ለማንሳት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰው ይፈለጋል። ሌሊት ፎቁ ላይ ያለው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ እናታችሁን ሽንት ቤት የሚወስዳቸው ማነው? መልሱ "ዳይፐር አለ" ከሆነ የሌሊቱን ሁኔታ አወቃችሁ ማለት ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔ የምመዝነው የሠራተኛውን መቆየት ነው። ገላ የምታጥብ፣ ልብስ የምትቀይር ሠራተኛ ስታገኙ "እዚህ ከሠራሽ ቆየሽ?" በሏት። ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ የበዛበት፣ በየጊዜው ከኤጀንሲ አዲስ ፊት የሚላክበት ቤት አረጋዊውን የሚያውቅ ሰው የለውም። አባታችሁ በግራ ጆሯቸው እንደማይሰሙ፣ ሲያማቸው እንደማይናገሩ፣ ዝም ሲሉ አንድ ነገር እንደተፈጠረ የሚያውቀው አብሯቸው የከረመ ሰው ነው። ይህ ፋይል ላይ ቢጻፍም ፋይሉን የሚያነብ ጊዜ ያለው ሠራተኛ ጥቂት ነው።

ልብስ ገልጦ አለማየት

ይሄኛው ላይ ቆም እንበል። በባህላችን የወላጅን ገላ ማየት ያሳፍራል፣ ይገባኛል። ግን የአልጋ ቁስል የሚደበቀው እዚያው ነው።

ቁስሉ የሚመጣው አንድ የሰውነት ክፍል ለረጅም ጊዜ ተጭኖ ደም ሳይደርሰው ሲቀር ነው። ቶሎ የሚጠቃው አጥንት ለቆዳ የሚቀርብበት ቦታ ነው፦ የጀርባ ታችኛው ጫፍ፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ክርን፣ የጭንቅላት ኋላ። በአራት ደረጃ ይከፈላል። በመጀመሪያው ደረጃ ቆዳው አልተቀደደም፤ የቀላው ቦታ በጣት ሲጫኑት አይነጣም። በአራተኛው ቁስሉ ጡንቻና አጥንት ድረስ ይደርሳል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። "ቀይ ምልክት ፈልጉ" የሚለው ምክር ለጠቆረ ቆዳ አይሠራም። ቅላቱ ላይታይ ይችላል። በእጃችሁ ዳሱት። ከዙሪያው ይልቅ ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል? ጠጠር ብሏል ወይስ ረግቧል? ስትነኩት ያማቸዋል? ቀለሙ ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ብሏል? ለነርሷም ይህን ንገሯት፤ ሁሉም ሠራተኛ አያስተውለውም።

ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በሌላ ሰው መገላበጥ አለበት። በየ2 ሰዓቱ የሚለው የተለመደ ነው፤ እንደ ሰውየው ሁኔታና እንደ ፍራሹ ዓይነት ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ "ለእናቴ የተወሰነው በየስንት ሰዓቱ ነው?" በሉና መዝገቡን እዩ። ዊልቼር ላይ ቀኑን ሙሉ መቀመጥም ያው መጫን ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ቁስል ሁሉ የቸልታ ማስረጃ ነው ማለቴ አይደለም። በጣም የደከመ ሰው ላይ ጥሩ እንክብካቤ እያለም ሊወጣ ይችላል። ቁስሉን ቀድማችሁ ያያችሁት እናንተ ከሆናችሁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

"ዕድሜ ነው" ብሎ ማለፍ

መክሳት ዕድሜ አይደለም። በአንድ ወር 5 በመቶ፣ በ6 ወር 10 በመቶ ክብደት መቀነስ በሙያው ዘንድ መጣራት ያለበት ምልክት ነው። 60 ኪሎ የነበሩ እናት በአንድ ወር 3 ኪሎ ከቀነሱ ምክንያት ይፈለግለታል። ጥርስ ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፣ ድብርት ሊሆን ይችላል፣ የሚያጎርስ ሰው ማጣትም ሊሆን ይችላል። የክብደት መዝገባቸውን ጠይቁ። ከሌለ በቃ፣ መልሱን አገኛችሁ።

ውሃም እንደዚሁ ነው። ሰው ሲያረጅ የጥም ስሜቱ ይቀንሳል። "ሲጠማቸው ይጠይቃሉ" የሚል ቤት ሥራውን አያውቅም።

ትናንት ያወቋችሁ ሰው ዛሬ ከተምታታባቸው ደግሞ የመርሳት በሽታው ባሰ ብላችሁ አትቀመጡ። መርሳት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። የድንገቱ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ያኔውኑ ሐኪም ይፈልጋል።

ጸጥታን እንደ ሰላም መቁጠር

ሁሉም ተኝቷል፣ ማንም አይጮህም፣ "እንዴት ያለ የተረጋጋ ቦታ ነው!" ይባላል። በቀን 10 ሰዓት ላይ ሁሉም ሰው ወንበሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ከተኛ እኔ የመድኃኒት ዝርዝሩን ነው የምጠይቀው።

የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ሲረበሹ ለሥነ አእምሮ ሕመም የተሠሩ ጠንካራ መድኃኒቶች የሚሰጡበት ጊዜ አለ። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2005 ከእነዚህ መድኃኒቶች አዳዲሶቹ የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የመሞት አደጋን እንደሚጨምሩ ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ማስጠንቀቂያው የድሮዎቹን የመድኃኒት ዓይነቶችም እንዲያካትት ተደረገ። አንዳንዴ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ይሰጣሉ፤ ያኔም ምክንያቱ፣ መጠኑና የሚቆምበት ጊዜ መታወቅ አለበት። "ምን ስላዩ ጀመሩላቸው? መቼ ይታያል?" ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሰው የሚረበሸው ሕመም ስላለበት፣ ሆዱ ስለደረቀ፣ ሽንቱ ስለያዘው ወይም የሚናገረውን ቋንቋ የሚሰማ ስለጠፋ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

"እዚህ ማንም ወድቆ አያውቅም" የሚለውን ማመን

አረጋውያን በሚራመዱበት ቦታ መውደቅ አይጠፋም። ማንም ካልወደቀ ወይ አይመዘገብም፣ ወይ ማንም እንዲነሳ አይፈቀድለትም። ሰውን ወንበር ላይ ማሰር ጡንቻውን ያደክማል እንጂ ከጉዳት አይጠብቀውም። የአልጋ ዳር ብረትም ሰው ዘሎ ሲወጣ ሊወድቅበት፣ ተጣብቆም ሊሞትበት የሚችል ነገር ነው። ስለዚህ "በቅርብ የወደቀ ሰው ነበር? ከዚያ ምን ቀየራችሁ?" በሉ። ጫማ፣ መብራት፣ መድኃኒት፣ የሽንት ቤት ሰዓት እያሉ የሚዘረዝሩ ከሆነ አስበውበታል።

በኮከብ ብዛት መወሰን

በአንዳንድ አገሮች መንግሥት ደረጃ ያወጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ እስከ 5 ኮከብ ትሰጣለች፤ በእንግሊዝ ተቆጣጣሪው ከ"እጅግ የላቀ" እስከ "በቂ ያልሆነ" በአራት ደረጃ ይመድባል። ይጠቅማሉ። ግን የአሜሪካው ኮከብ ሲሰላ ከሚገቡት መረጃዎች የተወሰኑት ድርጅቶቹ ስለራሳቸው የሚልኳቸው ናቸው። ኮከቡን እዩና ወደ ምርመራ ሪፖርቱ ግቡ። ቀኑ መቼ ነው? ያኔ የነበረው ኃላፊ አሁንም አለ? አንድ ዓይነት ጥፋት በሁለት ተከታታይ ምርመራ ከተደገመ እኔ ሌላ ቤት እፈልጋለሁ። እንዲህ ያለ ሪፖርት በሌለበት ቦታ ፈቃዳቸውንና የቅሬታ መዝገባቸውን ጠይቁ።

"ደህና ነኝ" ሲሉ ማመን

ወላጆቻችን ልጅን ማስጨነቅ አይወዱም። ሆድ ይፍጀው ብለው ይይዙታል። ከዚያም በላይ፣ ማታ የምታጥባቸውን ሠራተኛ ማስቀየም ይፈራሉ። "እንዴት ነሽ?" ብትሏቸው "ተመስገን" ነው መልሱ። ዝርዝር ጠይቁ፦ "እማዬ፣ ትናንት ማታ ሽንት ቤት ስትሄጂ ማን አገዘሽ? ደውለሽ ስንት ቆዩ?" ሠራተኛ ሳይኖር ጠይቁ። ሌሎች ቤተሰቦችንም ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ አነጋግሯቸው፤ እዚያ ሰው በነጻነት ያወራል።

ከገቡ በኋላ መዘናጋት፣ ቅሬታንም ለማይመለከተው ሰው ማሰማት

ግምገማው የሚጀምረው ውል ከተፈረመ በኋላ ነው ብል ይሻላል። የእንክብካቤ ዕቅዳቸው በጽሑፍ ይኑራችሁ፤ ስለ እሱ የሚደረግ ስብሰባ ላይ ተገኙ። የመሄጃ ሰዓታችሁን አለዋውጡ። ያያችሁትን ከነቀኑ ማስታወሻ ያዙ።

ችግር ስታዩ የምትጮኹባት ያቺ የደከመች ተንከባካቢ ፈረቃውን አላወጣችውም። ለተረኛ ነርሷ ንገሩ፣ ካልተስተካከለ ለኃላፊው ጻፉ፣ መልስም በጽሑፍ ጠይቁ። መጥፎ ዜና ሳይደብቅ ደውሎ "ዛሬ ወድቀው ነበር፣ ይህን አድርገናል" የሚል ቤት ካላችሁ አትቆጡበት። እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ ነው።

ምክንያቱ የማይታወቅ ብልዝ፣ አንድ ሠራተኛ ሲገባ የሚደነግጡ ወላጅ፣ የጠፋ ገንዘብ ግን ይህን ሰልፍ አይጠብቅም። ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ሐኪም ይያቸው፣ ለተቆጣጣሪው አካልም በዚያው ቀን አመልክቱ።